ደሙ ያነሰ ወንድሜ

ከከሚሴ ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት የሰፈራችን ልጆች መካከል ወደ ቤቱ የተመለሰው ወንድሜ ብቻ ነበር። መልማዮቹ ደሙን መርምረው «ደምህ አንሷል፤ አትሆንም» ብለው ሰደዱት። ግቢያችን ወዲያው በጎረቤት ሞላ፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለናል። አጎቴ ፍየል አረደ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ። ልጇ የተወሰደባት ጎረቤታችን እንኳ ዓይኗን እየጠረገች «ለእናንተስ አላህ አዘነላችሁ» አለችን።

እናቴ ግን ከጓዳ አልወጣችም። ልጠራት ስገባ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለችኝ። «ያባትሽም የጀመረው እንዲህ ነው።»

ክው አልኩ። አባታችንን የገደለው የጨጓራ ነቀርሳ ነው። መጀመሪያ ፊቱ ነጣ፤ የታችኛው የዓይኑ ሽፋን ሲገለብ ውስጡ ደም አልነበረውም። እኛ ሞኞቹ ድካም ነው ብለን ወተት ስናጠጣው ከረምን። ደሴ ስናደርሰው ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። ሲሸኘን ደግሞ «ይህ በሽታ አንዳንዴ በዘር ይሄዳል። ከልጆቹ ሆዱን የሚያመው ካለ ቶሎ ደሙን አስመርምሩ» አለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በአውራ ጣቷ የዓይናችንን ሽፋን እየገለበች ስታየን ኖረች። እኔ እንደሚሸጥ በግ የምታየኝ እየመሰለኝ እናደድ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ሥራ በዝቶበት አምልጧት ከርሟል፤ ሆዱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» እያለ ተልባውን ይጠጣል።

በማግስቱ ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የላቦራቶሪው ሰው የመጣነው የውትድርናው ነገር አስግቶን መሰለውና ሳቀ።

«እናቴ፣ አይስጉ። ደሙ እንዲህ ሆኖ ማንም አይወስደውም።»

«ይውሰዱት!» ብላ ጮኸች። «ወላሂ፣ ደሙ ሙሉ ነው በለኝና ይውሰዱት! ከጦር ሜዳ የተመለሰ አይቻለሁ። ከዚህ በሽታ የተመለሰ ግን አላየሁም።»

ሰውየው ሳቁን ዋጠ። የደም ምርመራ ደሙ ማነሱን እንጂ የት እንደሄደ አይናገርም አለና ሰገራ አስመጣ። እኔና እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ውጤቱን ጠበቅን። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ደሙን የሚመጠው የሆድ ትል ነው» አለ ሰውየው ተመልሶ። «መድኃኒቱን ይውሰድ። ደሙ ከተመለሰ ያን የሚፈሩትን ይተዉት።»

እናቴ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ግንባሯን ደፍታ ሱጁድ ወረደች።

መድኃኒቱ ሠራ። የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ፣ ጉንጩ ሞላ። እናቴ ከገበያ ጉበት እየገዛች ታበላዋለች፤ እሱ እንደገና መሳቅና እኔን ማብሸቅ ጀመረ። ሞትን የምንጠብቀው በአንድ በር ብቻ ነበርና ወደ ሌላው በር አንዳችንም ዞር ብለን አላየንም።

ሁለተኛው ምልመላ ሲመጣ ቀበሌው ስሙን እንደገና ጠራ። ደሙን እንደገና መረመሩት። ሙሉ ነው ተባለ።

ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በደሴ መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ነው። እናቴ ጠባቂውን ገፍትራ ደረሰችበት። አላለቀሰችም፣ አልመረቀችውም። በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ገልባ አየችው። ውስጡ ቀልቷል።