የመሐሉ ስፒከር

«አባባ፣ ይህን ይስሙልኝ!» አለና ባለሱቁ ቁልፉን አዞረው። መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። ከላይ የተቀመጠ የመስታወት ብርጭቆ ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ሲጓዝ አየሁት። እኔ ግን ደረቴን ከሚደበድበኝ ነገር በቀር የሰማሁት የለም።

መጀመሪያ ነገር አባባ መባሌ አናደደኝ። ስድሳን ያለፍሁት ገና ትናንት ነው። ሁለተኛ፣ እኔ የምጠይቀው ሌላ፣ እሱ የሚያሳየኝ ሌላ። የሰው ንግግር ጥርት አድርጎ የሚያሰማ፣ ዋጋውም ለጡረተኛ የሚሆን የሆም ቲያትር ዕቃ ስጠኝ አልሁት፤ እሱ ቤዝ ያሳየኛል። ድምፅ የሚያጎላውን ሪሲቨር ስለው ደግሞ የዲሽ አወጣልኝ። በእኛ ከተማ አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ሊያስደነግጥ የሚገዛ ነው የሚመስለኝ።

«ልጄ፣ ዘፈን አልፈለግሁም። ሰው ሲያወራ መስማት ነው የምፈልገው» አልሁት።

«ምን ዓይነት ሰው?» አለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ።

«ማንም ይሁን፣ ብቻ ሰው!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ በሩ ላይ የቆመች ሴት ዞራ አየችኝ። ሁልጊዜ እጮሃለሁ። ሰው የተቆጣሁ ይመስለዋል፤ ግማሹን ጊዜ እውነትም ተቆጥቼ ነው።

ጆሮዬን የበላው ወፍጮ ነው። እኔና ባለቤቴ ቁንዝላ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት የራሳችንን ወፍጮ ቤት ይዘን ኖረናል። የናፍጣ ሞተር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ። እኔ ከሞተሩ ጎን፣ እሷ እህሉ ከሚፈስስበት ከወፍጮው አፍ ጎን። ሞተሩ ጧት ከተነሣ እስኪጠፋ ድረስ ቃል የሚባል ነገር የለም። የምንነጋገረው በእጅና በከንፈር ነበር። ሁለት ጣት ጤፍ ነው፣ ጡጫ በቆሎ፣ የተዘረጋ መዳፍ ዳጉሳ። እሷማ የሰው ከንፈር አይታ የሚለውን በማወቅ የሚደርስባት አልነበረም። ወረፋ የያዙት ሴቶች በዚያ ሁካታ ማን ይሰማናል ብለው ሲያሙን፣ ከማዶ ሆና ቃል በቃል ትለቅመውና እራት ላይ ታቀርብልኛለች። «ያች ቀይ ሻሽ ያሰረችው ስስታም ብላሃለች» ትለኛለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኛ ግን በእሷ ዓይን ምክንያት ሐሜታችን አንድም ቀን አምልጦን አያውቅም።

ጆሯችሁን በጥጥ ድፈኑት ብሎ የመከረን አንድ የጤና ሠራተኛ ነበር። ሳቅንበት። ዱቄት እየቃምን ስንኖር ማንም ያልነካን ሰዎች ድምፅ ይገድለናል እንዴ?

ወፍጮውን ሸጠን ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ቤት ስንገዛ እኔ ደንቁሬ ነበር። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ነጎድጓድ፣ የጭነት መኪና፣ ከበሮ ይሰማኛል። የጠፋኝ የሰው ቃል ነው። ጉምጉምታው ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። ሐዋሳ የምትሠራው ልጃችን መጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝና ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ተሰጠኝ። ሲያፏጭብኝ ይውላል፤ ሳህን ከሳህን ሲነካካ ጭንቅላቴን ይበሳኛል። በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ልጄ እስከ ዛሬ በመልእክት ትጨቀጭቀኛለች።

ደግሞስ ምን ቸግሮኝ? ሚስት ነበረችኝ። ድራማ ስናይ እኔ ከሶፋው ቀኝ ጫፍ፣ እሷ ከግራዬ። «ምን አለ?» እላታለሁ። ፊቷን ወደ እኔ ታዞርና፣ እንደ ወፍጮ ቤቱ ጊዜ ከንፈሯን እያጎላች፣ «እናቱ ታማለች አለ» ትለኛለች። «ምን አለች?» «አልመለስም አለች።» አንዳንዴ ትዘገያለች። ያን ጊዜ «ጮክ በይ እንጂ! ምን ያልጎመጉምሻል?» እያልሁ እጮህባታለሁ። ፊቴን ታይና ትነግረኛለች። በአማርኛ የተተረጎሙትን የውጭ ድራማዎች ብቻ አትወድም ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ሲያያቸው፣ እሷ ሪሞቱን ከእጄ ነጥቃ ትቀይረዋለች። «አፋቸውና ቃላቸው አይገጥምም፣ ያስጠላል» ትላለች። ምርጫዋ ነው ብዬ ተውሁት።

ከዚያ ሞተች። ሦስት ሳምንት ብቻ ታማ። ቤቱ የኀዘን ቤት ነውና ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ሸፈንሁት፤ ሙት ዓመቷ እስኪወጣ አልገለጥሁትም።

ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጮሁልኛል፣ ከዚያ ይደክማቸውና ፈገግ ይላሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። ፈገግ ተባብለን ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ታንኳ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ከወዲህና ከወዲያ ሲነጋገሩ፣ ሲሳሳቁ አያለሁ፤ የሚሉትን ግን አላውቅም። እሷ ብትኖር ከዚህ ሆና ትነግረኝ ነበር። ስመለስ በሩን ከፍቼ «መጣሁ» እላለሁ። ለማን እንደምል እንጃ።

አንድ የምንወደው ተከታታይ ድራማ ነበረን። ከመጀመሪያ ጀምሮ አብረን ስናየው ቆይተን፣ የመጨረሻው ክፍል ሳይደርስ እሷ አልጋ ያዘች። ሙት ዓመቷ ሲወጣ ለራሴ አንድ ነገር ቆረጥሁ፤ ያንን መጨረሻ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ጆሮ እሰማዋለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ የሰው ቃል መስማት ነበረብኝ፤ ካልሆነ የማብድ መስሎኝ ነበር። ወደ ሱቁ የሄድሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሱቁ የወረታ ሰው ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ንግድ ነው። ፍላጎቴ በመጨረሻ ሲገባው ሦስት ዕቃ ፊቴ ደረደረ። አንደኛው አዲስ፣ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ማይክራፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበቱ ስታዲየም ያናጋል። ሳነሳው እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ቀለለኝ። ከወፍጮ የተማርሁት ነገር ቢኖር ጉልበት ያለው ዕቃ ክብደት እንዳለው ነው። ኧረ ወዲያ አልሁት! ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም ረጅም ነገር ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን ዘፈኑንም ንግግሩንም አንድ ላይ ነው የሚያቦካው።

ሦስተኛውን ሊያሳየኝ እንኳ አልፈለገም ነበር፤ እኔ ነኝ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ያየሁት። ያገለገለ አምፕሊፋየር ነው፣ ከነስፒከሮቹ። አንድ ቁልፉ ወልቋል፣ ብሉቱዝ የለውም፣ ጥቁር ነው፣ እንደ ብረት ምጣድ ይከብዳል።

«ይህን ማንም አይወስደውም፣ አባባ» አለኝ። «ግን እርስዎ ያሉት ነገር አለው። ፊልም ላይ የሰው ንግግር በብዛት የሚወጣው በመሐሉ ስፒከር ነው። ይህ የመሐሉን ለብቻው ከፍ ያደርግልዎታል፤ ሌላው ዝቅ እንዳለ።»

ሰካካው፤ አንድ ድራማ ከፈተ። ከተዋናዮቹ ከንፈር ቃል እንዳልሰርቅ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። መጀመሪያ ጉምጉምታ ነበር። ከዚያ እሱ የመሐሉን ብቻ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረገው።

«‘ቁልፉን ለእህትህ ስጣት’» አልሁ ጮክ ብዬ፣ የሰማሁትን ስደግም። «‘ነገ ትመጣለች።’»

«ወላሂ ልክ ነው!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

ዓይኔን ስከፍት ዕንባ ሞልቶታል። አቧራው ነው አልሁት። ዋጋውም ብልጭ ድርግም ከሚለው ያነሰ ነበር፤ ሳልከራከር ከፈልሁ። በባጃጅ ጭኔ ላይ አድርጌ ስወስደው እግሬ ደነዘዘ።

እሑድ እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ባለሱቁ ራሱ መጥቶ ገጠመልኝ። የምንወደውንም ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ፍላሽ ላይ ጭኖልኝ ነበር፤ ምስጋና ይግባው። የመሐሉን ስፒከር ወደ መቀመጫዬ አዞረልኝና ሄደ። ነጠላዋን አጣጥፌ በእሷ ቦታ አስቀመጥሁት። ከዚያ ከሶፋው ቀኝ ጫፍ ተቀመጥሁና የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትሁ።

ሽማግሌው አባት ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምራቱ በር ትከፍትለታለች። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አንድ ነገር ይላታል። ያን ቦታ በቃሌ ነው የማውቀው። ባለቤቴ ዕንባዋ እየወረደ «‘ልጄ፣ ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ የትም አልሄድም’ አላት» ብላኛለች። ስንት ጊዜ አስታውሼው አልቅሻለሁ!

ሽማግሌው ተናገረ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ።

«የቤቱን ካርታ የት ነው የደበቃችሁት?»

ወይ ጉድ! መለስሁና ደግሜ ሰማሁት። ካርታ ነው ያለው። ደገምሁት፤ ካርታ! ብቻዬን በሳቅ ፈረስሁ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ልጅቱ ስልክ ይዛ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ባለቤቴ «‘እናቴ ናፈቀችኝ’ አለች» ብላኝ ነበር። ልጅቱ የምታወራው ስለ ቲማቲም ነው።

ሳቄ ቆመና ንዴቴ መጣ። እንዴት እንዲህ ትቀልድብኛለች? እየዋሸች ታስለቅሰኝ ነበር ማለት ነው? እልህ ይዞኝ ስህተቷን እየለቀምሁ መስማት ጀመርሁ። እንግዲያው ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ተናጋሪው ፊቱን ወደ እኛ ሲያዞር አንዲት ቃል አልሳተችም። ዞር ሲል፣ ጋቢውን ወደ አፉ ሲስብ፣ መብራቱ ሲጨልምበት፣ ያን ጊዜ የምትነግረኝ ሁሉ ከራሷ ነበር።

አልሰማችም። ኧረ የእግዜር ያለህ፣ እሷም አትሰማም ነበር!

ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል የሚሉት እውነት ነው። ነገሩ ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ። የውጭ ድራማ የምትጠላው፣ አፍና ቃል ካልገጠመ የምትይዘው ስለሌላት ነው። በር ሲንኳኳ ቀድማ የምትነሣው ውሻችን ስትነሣ እያየች ነው፤ ውሻዋ ከሞተች በኋላ መቀመጫዋን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጃችን ስትደውል «አንተ ጽፈህ መልስላት» የምትለኝ ስልክ ሰልችቷት አልነበረም። በረዶ ጣሪያውን ሲደበድብ እኔ እንኳ እየሰማሁት፣ እሷ ውጭውን ካላየች ልብስ ልታነሣ አትወጣም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቆርቆሮ ሥር፣ አንድ ሞተር አጠገብ ኖረን፣ ወፍጮው የእኔን ጆሮ ብቻ መርጦ የሚበላው ለምንድን ነው? አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። የተቸገርሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለምን አልነገረችኝም? አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰሚ መኖር አለበት ብላ ይሆናል። እኔ ደካማ መሆኔን ታውቃለች፤ ሁለታችንም ደንቆሮ መሆናችንን ብሰማ እንደምፈራ ታውቃለች። ስለዚህ ያየችውን ነገረችኝ፤ ያላየችውን ደግሞ እንዲያምር አድርጋ ነገረችኝ።

ከሁሉ የገደለኝ ግን ያ «ጮክ በይ!» የምለው ነው። ስንት ዓመት ጮህሁባት! ያን ጩኸት አንድም ቀን አልሰማችውም። ያየችው ፊቴን ነው። ጥርሴን ገልጬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ። አፈርሁ። ነጠላዋን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ማንም አልሰማኝ፣ እኔም ራሴን በደንብ አልሰማሁት።

ሦስት እሑድ ቆየሁና የመጨረሻውን ክፍል ከፈትሁ። የፈለግሁት እሱን ነበረና። የመሐሉ ስፒከር አንድ ቃል አልደበቀኝም፤ እያንዳንዱን ሰማሁ። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ብቻውን ውኃ ዳር ይቆማል። ልጁ ከኋላው ይደርሳል። ሽማግሌው ሳይዞር፣ ጀርባውን ለእኛ እንደ ሰጠ፣ ሊናገር ትከሻው ከፍ አለ።

ድምፁን አጠፋሁት።

ስዕሉ ብቻ ቀረ። ተነሥቼ መጋረጃውን ከፈትሁ፤ ብርሃን ገባ። ተመልሼ ተቀመጥሁና ፊቴን ወደ ግራዬ፣ ወደ ነጠላዋ አዞርሁ። ግንባሬን ፈታሁ። ሳልጮህ፣ ከንፈሬን እንድታየው ቀስ ብዬ፣ «ምን አለ?» አልኋት።