እናትየዋ የማትመጣበት መጽሐፍ

ምሥራቅ ገብረአማኑኤል ወንበር አይስማማትም። ቆማ ትጽፋለች፣ እየተንጎራደደች ታነባለች። አስተማሪ ሳለችም አረርቲ ሲመድቧት እነዋሪ፣ እነዋሪ ሲልኳት ሌላ አገር እያማራት፣ ዕቃዋን ፈትታ ሳትጨርስ ዝውውር ትጠይቅ ነበር። ጡረታ ወጥታ ደብረ ብርሃን የተቀመጠችው መሄጃ አጥታ እንጂ ብርዱ ተስማምቷት አይደለም። በየደረሰችበት ግን የልጆች መጽሐፍ ጽፋለች። በሁሉም ውስጥ አንድ ልጅ ይቸገራል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ እናቱ ትደርስለታለች።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የራሷ እናት «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላ ከደብረ ሲና በጭነት መኪና ስትሳፈር ምሥራቅ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ፋሲካው መጣ፣ እናትየዋ ቀረች።

ባለፈው ዓመት አዲሱን መጽሐፏን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኳ በፊት፣ እንደ ልማዷ አንድ ትምህርት ቤት ሄዳ ለልጆች አነበበችው። በአንኮበር ጉም ውስጥ መንገድ ስለጠፋባት ልጅ ነው። ስትጨርስ መቅደስ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እናትየዋ ሁልጊዜ ለምን ትመጣለች? የኔ አልመጣችም።»

ምሥራቅ አፈረች። ያን ሰሞን ከቤቷ እስከ ጠባሴ ሰፈር በእግሯ ስትመላለስ ያየቻት ጎረቤቷ ባዩሽ «እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» ብትላት እንኳ ዘወር ሳትል አለፈች። ከማተሚያ ቤቱ ሲደወልላትም አታነሳም ነበር። በመጨረሻ የመጽሐፉን ማብቂያ ቀድዳ ጣለችና እንደገና ጻፈችው። ልጅቷ ከጉሙ ወጥታ ቤቷ ትገባለች፤ እናትየዋ ግን አትመጣም። ምሥራቅ ገና ዛሬ እውነት የጻፈች መሰላት።

ተመልሳ ሄዳ፣ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች አነበበችላቸው። መቅደስ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣

«ታዲያ ራቷን ማን ሰጣት?» አለች።

ምሥራቅ ባለችበት ቆመች። ለእሷ ራት የሰጠቻት፣ ጸጉሯን የጎነጎነችላት፣ ስታለቅስ አቅፋ ያስተኛቻት አክስቷ እናናየሁ ናት። ዛሬም አንኮበር፣ ምሥራቅን ባሳደገችበት ቤት አለች። ምሥራቅ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ደጅ ደጁን ስታይ፣ ስለ እሷ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችም።

«አክስቷ» አለች።

«አክስት እንዳላት መቼ ነገሩን?» አለቻት መቅደስ።