ሐረጉን የጨረሱት ጽዳተኞች

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ አጠገብ አንድ የመስታወት ሣጥን አላት። ውስጡ አፈር፣ የእንጨት ቅርፊት፣ አንዲት ሰነፍ እንሽላሊትና አንድ ሐረግ አለ። እንሽላሊቷ ለዓይን ናት፤ ሐረጉ ግን የሟች እህቷ ነው። እህቷ ሆስፒታል ተኝታ መስኮት ላይ ስታሳድገው ከነበረው ተክል የተረፈው ይኸው ብቻ ነው። ከሆስፒታል አቅፎ ያመጣላት ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ግድግዳ የሚጋሩ፣ እሷ «ወንድምዓለም» እሱ «እትዬ» የሚባባሉ የስንት ዘመን ጎረቤታሞች ናቸው።

እንዲህ ያለ ሣጥን እሱም ነበረው፤ አመሉን ያስያዛትም እሱ ነው። አንድ ቀን ድንጋይ ሲገለጥ የሚርመሰመሱትን፣ ሲነኳቸው የሚጠቀለሉትን ባለ ብዙ እግር ግራጫ ነፍሳት በአሮጌ ጣሳ ይዞላት መጣ።

«ጽዳተኞች ናቸው እትዬ። ኩሱን፣ የበሰበሰውን ሁሉ ይለቅሙልሻል። ለምለም አይነኩም።»

አመስግና ጨመረቻቸው። መቼም ልብስ ሰፊ ወለል ላይ ቁራጭ ወድቆ ካየች ዝም ብላ አታልፍም፤ የረገፈውን ቅጠል ሁሉ በመርፌ እየወጋች ታወጣ ነበር። ሣጥኑ እንደ ሙሽራ ቤት ጸዳ። ጥቂት ሰንብቶ የሐረጉ ቅጠል ወንፊት ሆነ።

«ውሃ አብዝተሽበት ይሆናል» አላት ፀጉር አስተካካዩ፣ ፊቷን ሳያይ ምላጩን እየጠረገ። ውሃውን ቀነሰች። «እንሽላሊቷ እየረገጠችው ይሆናል» አላት ደግሞ። ምስኪኗን እንሽላሊት ካርቶን ውስጥ አሰረቻት። ሐረጉ ባሰበት። አንድ ማለዳ ቅርፊቱን ብትገልጠው ጽዳተኞቹ ግንዱ ላይ ተደራርበው ይግጣሉ። ክው አለች።

ከዚያ በኋላ እልህ ያዛት። የካሮት ቁራጭ አፈሩ ላይ እያኖረች፣ ሲሰበሰቡበት ከነካሮቱ እያነሳች ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ አጠራቀመቻቸው። ከሐረጉ የተረፈው ግን ጣት የምታህል ጉቶ ነች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ያሳሰባት ወዳጇ ነበር፤ ሳያውቅ የእሱንም ተክል እንዳይጨርሱበት። የዋህ መሆን እንዲህ ያደርጋል። ብልቃጡን ይዛ ልታስጠነቅቀው ሄደች።

እሱ ደንበኛ እየላጨ ነው፤ ሚስቱ ፎጣ ታጥፋለች።

«ውይ እትዬ፣ እነዚህን ጉዶች እስካሁን አልተገላገልሻቸውም?» አለች ሚስቱ። «የኛንማ አንድ ቅጠል ሳያስቀሩ ነው የጨረሱት! ደረቅ ቅጠል ካልተጣለላቸው ለምለሙ ላይ ይዘምታሉ። ነግሮሽ ነው የሰጠሽ ብዬ…»

ምላጩ ቆመ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምታለች፤ በእሷ ይደርሳል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ስድብ አልመጣላትም፤ የመጣው እንባ ነው። ያን ሐረግ በገዛ እጁ አቅፎ ያመጣ ሰው! «ደረቅ ቅጠል ተይላቸው» ማለት እንኳ ምን ነበረበት?

«እያወቅክ ነው?»

«እትዬ… ብነግርሽ አትወስጃቸውም ብዬ ነው። መግደሉ ደግሞ አሳዘነኝ። ነፍስ አይደሉ?»

ብልቃጡን ከመቀሱና ከማበጠሪያው መሀል አስቀመጠችለት።

«ለነሱስ አዘንክ» አለችው። «ለእኔ እንድታዝን ስንት እግር ማብቀል ነበረብኝ?»