በትሩ የያዘው ክብደት

ሰው ሁሉ ራጅ አይዋሽም ይላል። እኔ ሰቆጣ ላይ ስንት ዓመት ራጅ ሳነሳ ኖሬ፣ እንዴት እንደሚዋሽ ያወቅሁት በአባቴ ዳሌ ነው። አሁንም ሳስበው ይደክመኛል።

ራጅ በዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን ለስላሳ አጥንት አያሳይም። የሚያሳየው ጠንካራዎቹን ነው፤ እኛ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊ ሜትር ለክተን፣ ለስላሳው ምን ያህል እንደቀረ እንገምታለን። በዱላ ከተደገፈ ዳሌው ስለማይጫን ክፍተቱ ሰፊ መስሎ ይወጣል፤ ስለዚህ በሽተኛው በሙሉ ክብደቱ መቆም አለበት። "ዱላዎን ያስቀምጡ" ስል ነው የምውለው፤ አፌ እስኪዝል።

አባቴ ከደሃና ገጠር እስከ አምደወርቅ በአህያ፣ ከዚያ በሚኒባስ መጡ። ታናሽ ወንድሜ ዓረብ አገር ከሄደ ወዲህ የገብሱን ማሳ የሚያርሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ዳሌዬ አላስረግጥ አለኝ" አሉኝ። "መሬቱን ለእኩል አራሽ ልስጠው ወይስ ልረስ? አይተህ ንገረኝ።"

በትራቸውን እንደጨበጡ ከመሣሪያው ፊት ቆሙ። በእኛ ዘንድ ልጅ ከአባቱ እጅ በትር አይወስድም፤ ከወሰደ "አበቃልዎት" እንዳለ ይቆጠራል። "ያስቀምጡ" የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ቀረ። በትሩን ተደግፈው እንደቆሙ አነሳኋቸው። ክፍተቱ ሰፊ ነበር። ሐኪሙም እኔ የለካሁትን አይቶ "የዕድሜ ነው" አለ።

"አባ፣ ይረሱ" አልኳቸው፤ ደስ ብሎኝ።

ሁለት ክረምት አረሱ። ባመማቸው ቁጥር እናቴ "ልጅዎ በመሣሪያ አይቶ ደህና ነው ብሏል እኮ" ትላቸዋለች። ጎረቤቱም በስንፍና ያማቸው ጀመር። በመጨረሻ ማማረሩን ተዉት፤ እኔ ደግሞ በስልክ ዝም ሲሉ ተሻላቸው ብዬ ተኛሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አባቴ አልደበቁም፤ የደበቅሁባቸው እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ሰው ደግፏቸው ነበር። በሩን ዘግቼ እጄን ዘረጋሁ። ትንሽ አይተውኝ በትሩን ሰጡኝ። ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ ቶሎ አነሳሁ። ክፍተት የሚባል አልነበረም፤ አጥንት አጥንት ላይ ተቀምጧል። የምለካው አጣሁ። አፈርኩ።

እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ ቀድመው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ አሁንስ መሣሪያህ አመነኝ?"

"አመነዎት፣ አባ" አልኩና በትራቸውን መለስኩላቸው። እስከ ዛሬ በመሣሪያው እንዳሳበብኩ ነው።