የኋላው መጫኛ

ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጎሚስታ የተበሳውን የሳይክሌን ካላማዳሪያ ፍቆ ማስቲሽ ሲቀባው፣ ሽታው ሳላስበው ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ። «ቲቸር፣ ይሄን የኋላ መጫኛ ለምን አናወልቀውም? ማርሽ ያለው ሳይክል ላይ እኮ አያምርም» አለኝ። «ተወው፣ ይቀመጥ» አልኩት።

ይህ አራተኛው ሳይክሌ ነው። አራቱም መጫኛ አላቸው፤ ሳይኖረው የተገዛውን እንኳ በብየዳ አሠርቼለታለሁ። ዕቃ ስለምጭንበት አይደለም።

የመጀመሪያው፣ ጥቁሩ የቻይና ሳይክል፣ የአባቴ ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ዳገቱ ላይ ባለው ሰፈራችን፣ ሴቻ፣ የቀረ መምህር ነው፤ ሳይክሉን እንደ በቅሎ ሲያሻሸው ቅዳሜው ይመሽበት ነበር። ለእኔ ሲተውልኝ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ እግሬ ፔዳሉ ላይ በቅጡ አይደርስም ነበር። ትምህርት ቤታችን ታች ሲቀላ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን የምንወርደው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ መሪውን ይዤ፣ ታምራት መጫኛው ላይ ተፈናጥጦ። ታምራት አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ የሚማር የዶርዜ ልጅ፣ የአጥር ጎረቤታችን ነበር። የፊት ፍሬኑ በእኔ እጅ ሲሆን የኋላው ፍሬን የታምራት ኮንጎ ጫማ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ሲጎትተው የሚሸተው የተቃጠለ ላስቲክ ክፍል ድረስ ይከተለን ነበር።

በእኛ ሰፈር ልጆች ሕግ ተፈናጥጦ የወረደ፣ ሲመለስ ዳገቱን ከኋላ ይገፋል። ታምራት «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት ለራሱ አመቻችቶ፣ ጥዬው ልወርድ ስል «ብቻውን የወረደ ብቻውን ይገፋል!» እያለ ያስፈራራኝ ነበር። ከታች የአባያ ሐይቅ በጀምበር እየቀላ፣ ላባችን እየተንጠባጠበ፣ እሱ እየገፋ እኔ እየመራሁ ያላወራነው ነገር የለም። ከእሱ ሌላ የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ ሌላ ሰው የፈለግሁም አይመስለኝም።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን አጎቱ ለሽመና ሥራ ሽሮ ሜዳ ወሰደው። እንደ ዶርዜ ልጅ ሁሉ ለመስቀል ግን አይቀርም ነበር፤ ጎማዬን አስነፍቼ መናኸሪያ እጠብቀዋለሁ፤ ሻንጣውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «በል እንሂድ!» ይላል፣ ዳገቱ ሥር ስንደርስም ሳልነግረው ወርዶ ይገፋል። ጢም ያወጣን ሁለት ጎረምሶች አንድ ሳይክል ስንገፋ ሰው ይስቅብን ነበር። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ዳገት ነበር።

ከዚያ ከተማውን ባጃጅ ሞላው። አንድ መስቀል ታምራት ሚስቱንና አራስ ልጁን ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ፤ አቅፎ ሳመኝና ባጃጅ ጠራ። «በሞቴ ግባ፣ ሳይክሉን እዚሁ ተወው» ብሎ ለመነኝ። «እናንተ ሂዱ፣ እደርሳለሁ» አልኩ። እስከ መታጠፊያው ድረስ አንገቱን አውጥቶ እጁን ሲያውለበልብ አየሁት፤ አራስ ልጅ ይዞ ሌላ ምን ያድርግ? ከዚያ ወዲህ እንኳን አደረሰህ የሚለኝ በስልክ ነው።

አሁን ዳገቱን ከሳይክሌ ሳልወርድ እወጣዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ያደንቁኛል። መሃሉ ላይ ማርሽ ስቀይር ግን ሳይክሉ ድንገት ቀለል ይለኛል፤ ያኔ ከኋላ የገፋኝ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር እላለሁ።