ኮች አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ድስት እየመረጥኩ ሳለ ዘይት የጠጣ ቆዳ ሽታ ሸተተኝና ቀና አልኩ፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ ስፌቱ የላላ የአሜሪካን ፉትቦል ኳስ ተቀምጧል። ወዲያው እዚሁ አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖሩ የነበሩት ኮች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ከኢትዮጵያ በመጣሁበት ዓመት፣ ገና አሥራ ስምንት ሲሞላኝ፣ አክስቴ ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ ጨዋታው ገና ብዙ ተመልካች ሳያገኝ፣ ኳስ መጫወት ሥራቸው ነበር፤ ጉልበታቸው ሲጎዳ ኮሌጅ ተቀጥረው ተማሪዎች ሲያሠለጥኑ ስለኖሩ ሁሉም ኮች፣ አሠልጣኝ፣ ይላቸው ነበር። አክስቴን ለማገዝ በሄድኩ ቁጥር በተጣመሙት ጣቶቻቸው የመድኃኒት ክኒኖቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ይደረድሩና፣ የደም ግፊቱን አጥቂ፣ የስኳሩን ተከላካይ አድርገው ጨዋታውን ያስረዱኛል፤ እኔ አንዱም ሳይገባኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አክስቴ ደግሞ በዚያ በማያፍረው እንግሊዝኛዋ፣ "ኮች፣ በቃ ጨዋታው አልቋል፣ ተጫዋቾቹን ይዋጡ!" ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ከረቫት አስረው፣ የመኪና ቁልፋቸውን በእጃቸው ይዘው ጠበቁን።

"ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሽውን ትምህርት እንድትቀጥዪ፣ አሁኑኑ ወስጄ ላስመዝግብሽ ወይ ነው የሚሉሽ" አለችኝ አክስቴ።

ልቤ ዘለለ። ግን እንዴት ተብሎ በአንዴ እሺ ይባላል? እኛ ምሳ ሲቀርብልን እንኳ በልተናል ብለን፣ በስንት ልመና ነው እጃችንን የምንታጠበው። መሬት መሬቱን እያየሁ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። አክስቴም ጠበቀች። ኮች "ኦኬ" ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ከረቫታቸውንም ቀስ ብለው ፈቱ።

"ምነው እሺ ብትያቸው?" አለችኝ አክስቴ ስንመለስ።

"አንቺስ ምነው ብትነግሪልኝ?"

"እኔማ ይለምኑሻል ብዬ! በቃ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ።"

ነገ ግን ሁለታችንም አፈርን፤ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ብርዱ ሲገባ ኮች ታመሙና ልጃቸው ወደምትኖርበት ስቴት ወሰደቻቸው፤ በረዶው ሳይቀልጥም ማረፋቸውን ሰማን። እኔ ዛሬም የሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፤ ፎርም በሞላሁ ቁጥር ትምህርት የሚለው ቦታ ላይ ያችኑ ስምንት ቁጥር እጽፋለሁ።

"ኳሱን ላውርድልሽ?" አለኝ ባለሱቁ።

"አይ፣ ይቅር፣ አትቸገር" አልኩት ሳላስበው።

እሱም ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረ፤ እኔ ድስቴን እንዳቀፍኩ፣ እንደገና እስኪጠይቀኝ ቆሜ ቀረሁ።