ጠላ ጠማቂ ያጣው ትምህርት ቤት

አንባቢ ሆይ፣ ሁሉም «የእኛ ነው» እያለ የሚምልለት፣ ሥራው ሲመጣ ግን ባለቤቱ የሚጠፋ ነገር አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም ትምህርት ቤት።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ምሽጉን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን ከከተማ ሸሽቼ ደብረ ኤልያስ ገጠር ገባሁ። ያገሬው ሰው ከቅዳሴ በኋላ መክሮ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ወሰነ። ሽማግሌዎች መረቁ፣ ሴቶች እልል አሉ፤ እኔም አስተማሪ ተባልኩ። ጣሊያን ጣራውን ያቃጠለው አንድ ቤት ተሰጠን። የጎደለን የሣር ክዳን ብቻ ነበር። ወላጆች ግን ቁርጡን ነገሩኝ፤ ክረምት ሳይገባ ካልተከደነ ልጆቻቸውን መልሰው ይወስዳሉ።

ክዳን የደቦ ሥራ ነው። የደቦን ሕግ ላስረዳ፦ ጠሪው ይጠምቃል፣ ያበላል፤ ተጠሪው ጉልበቱን ያመጣል። ይህን እያወቅሁ ጠማቂ ሳልይዝ በሕዝቡ ስም ደቦ ጠራሁ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቤቱታዬን አቀረብኩ።

«መምህር፣ የደቦው ጠሪ ማነው?» አሉኝ የጊዮርጊስ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ።

«ሕዝቡ ነው፣ አባቴ።»

«ጠማቂውስ?»

«ሕዝቡ።»

«ጠጪውስ?»

«እሱም ሕዝቡ።»

«እንግዲያ ሕዝቡ የጠመቀውን እቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጠጣ ምን ቸገረው? ሣር ላይ ምን አንጠለጠለው?»

ደጁ በሳቅ ተናጋ። ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ሰው ባለቤት መሆን ካቃተው የጊዮርጊስ ይሁና! እሱ ይጥመቅ!» ብዬ ጮህኩ። ስድብ ነበር። እነሱ ግን እንደ ምክር ቆጠሩት። ከዚያ ሙሴው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ይኸ ልጅ አንዳንዴ ቁም ነገር ይወጣዋል» አሉ።

ጠሪው ጊዮርጊስ ከሆነ እንግዲህ ማን ይቀራል? የማኅበሩ ተረኛ ጠመቀ፣ ጎረምሳው ሣር ተሸክሞ ጎረፈ፤ ዝናቡ ሲመጣ ልጆቹ ከክዳኑ ሥር ሆነው ፊደል ይቆጥሩ ነበር።

በእርግጥ ሰማዕት አስተዳዳሪም ዋጋ ያስከፍላል። በየወሩ በጊዮርጊስ ዕለት ትምህርት የለም፤ በማግስቱም የማኅበሩ አባላት ራስ ምታታቸውን ይዘው አስተማሪውን ሊመረምሩ ይመጣሉ። «ሀ ግዕዝ» ስል የሚያርሙኝ፣ ሀን ለይተው የማያውቁት ናቸው።

ቢሆንም አንድም ልጅ አልወጣብኝም። ስለዚህ እርስዎም የሕዝብ ሥራ ቆሞ ቢያስቸግርዎ ስለ ጥቅሙ ንግግር አያድርጉ፤ ሰው የማያሳፍረው ባለቤት ይፈልጉለት፣ ቀጥሎ ተረኛ ጠማቂውን ይጠይቁ። እስቲ በሰፈርዎ ይሞክሩት።